ቴስታታና ካምሻፍት ለየብቻ አይገዙም

ሰላም የቻናላችን ቤተሰቦች! ዛሬ ከደብረ ማርቆስም ከቡሬም ደጋግማችሁ የጠየቃችሁኝን ይዤ መጥቻለሁ። ሞተር ስናጎለብት ቴስታታና ካምሻፍት እንዴት ይጣጣማሉ? ቴስታታ የሞተሩ ክዳን ነው፤ አየር የሚገባበትና ጭስ የሚወጣበት መንገድ ከነቫልቮቹ፣ ማለትም ከነበሮቹ፣ እሱ ላይ ነው። ካምሻፍት ወይም ካም ደግሞ ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ ነው።

መራዊ ያላችሁ የቆጋን መስኖ ታውቁታላችሁ፤ ወደ 7,000 ሄክታር እንዲያጠጣ የተሠራውን። እስቲ ቦዩን አስቡት። ቦዩ ጠባብ ነው እንበል። በሩን ቀኑን ሙሉ ክፈተው፣ ከቦዩ አቅም በላይ ውሃ አይመጣም። ቦዩ ሰፊ ሆኖ በሩ ቶሎ ቢዘጋስ? ማሳው ጫፍ ሳይደርስ ያልቃል። ቦዩን ያለ ልክ ብታሰፋውስ? ውሃው ይተኛል፣ ደለል ይጥላል። ግፊት የለውማ! እንግዲህ ቦዩ ቴስታታ ነው። በሩን ከፍቶ የሚዘጋው የውሃ አባት ደግሞ ካምሻፍት። ሁለቱ ካልተስማሙ ማሳው ይደርቃል።

አሁን ወደ ሞተሩ። ሊፍት ካሙ ቫልቩን የሚያነሳው ከፍታ ነው፤ ዱሬሽን ደግሞ ቫልቩን ክፍት አድርጎ የሚያቆይበት ርዝመት። ቫልቩ በየሚሊሜትሩ ሲነሳ ቴስታታው የሚያሳልፈው አየር ፍሎው ቤንች በሚባል የአየር መለኪያ ማሽን ይለካል። ከ9 ሚሊሜትር በኋላ አየሩ ካልጨመረ፣ 11 የሚያነሳ ካም ትርፉ ትንሽ ነው፤ ቫልቩን የሚመልሰውን ሞላ ይጎዳል። ዱሬሽን ሲረዝም ጉልበቱ ወደ ከፍተኛ ዙር ይሸሻል፣ ሚኒሞም፣ ማለትም ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበት ዙር፣ ይረበሻል። የኮሮላን ፎር ኤ ኤፍ ኢ እና ስፖርቱን ፎር ኤ ጂ ኢ እዩ። ሁለቱም 1.6 ሊትር ናቸው፤ ጂ ኢው ግን ካሙም ቴስታታውም ሌላ ነው። ቶዮታ አንዱን ብቻ አልቀየረም።

አንድ ነገር ግን ሳልመልስ አላልፍም። «ጎጃም ደጋ ነው፣ አየሩ ስስ ነው፣ ትልቅ ካም ይክሰናል» የምትሉ በዝታችኋል። የመጀመሪያው ልክ ነው። ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ከባሕር ጠለሉ በሩብ ያህል ይሳሳል። ሁለተኛው ግን ስህተት ነው። ትልቅ ካም የመግቢያውን ቫልቭ አዘግይቶ ይዘጋል። ፒስተኑ ሽቅብ ሲመለስ ቫልቩ ገና ክፍት ነው። በዝቅተኛ ዙር የገባው አየር ተመልሶ ይወጣል። ከሳሳው ላይ ትቀንሳላችሁ ማለት ነው! ከዓባይ ድልድይ ወደ ደጀን ስትወጡ ዳገቱ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው። መኪናው የሚታገለው በመካከለኛ ዙር ነው። እዚያ ላይ በ7,000 ዙር የሚነቃ ካም ምን ይሠራላችኋል? ደጋን የሚክሰው አየር እየገፋ የሚያስገባው ተርቦ ነው፣ ወይም በልኩ ከፍ ያለ ኮምፕረሽን፣ ማለትም የአየሩ መጨመቅ። እሱንም ቢሆን አታብዙት፤ ዓባይ በረሃ ስትወርዱ ሞተሩ እንዳያንኳኳ።

ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ አሁኑኑ አድርጉ፤ በሚቀጥለው ስለ ሞላ እናወራለን።

ቴስታታ ካስላጣችሁ፣ ማለትም የታችኛው ፊቱ ተፍቆ ከሳሳ፣ ቫልቩ ወደ ፒስተኑ እንደሚጠጋ አትርሱ። የልጆች መጫወቻ የላስቲክ ጭቃ ፒስተኑ አናት ላይ አድርጉ። ገጥማችሁ ሞተሩን በእጅ 2 ዙር አዙሩት። ከዚያ ፈታችሁ የተጨፈለቀውን ለኩ። በመግቢያው በኩል 2፣ በመውጫው 2.5 ሚሊሜትር ያህል ክፍተት ካላገኛችሁ አታስነሱት።