አዲስ ሕግ አላወጡም፤ ስለ ሕንዳዊው ቲ. ኤን. ሴሻን ለጠየቃችሁን

ከደሴ የደወሉ አድማጭ፦ ባለፈው ሳምንት ሕንድ ውስጥ ሚኒስትሮች ሳይቀሩ የሚፈሩት የመንግሥት ሠራተኛ ነበር ብላችሁ አለፋችሁት። ማን ነው? ከየት ተነስቶ?

ቲ. ኤን. ሴሻን ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1932 ኬረላ ውስጥ ተወለዱ፤ በ1955 የሕንድ አስተዳደር አገልግሎትን ተቀላቀሉ። ይሄ መሥሪያ ቤት መግቢያ ፈተናው አይጣል ነው። ያለፈው ግን ገና በወጣትነቱ ሰፊ አውራጃ ያስተዳድራል። እሳቸውም ማዱራይን አስተዳድረዋል።

እኔ የምወደው የማድራስ ትራንስፖርት ኃላፊ ሳሉ የሆነውን ነው። አንድ ሹፌር «አውቶቡስ መንዳት ሳትችል የእኛን ችግር እንዴት ትረዳለህ?» ብሎ ጠየቃቸው። አልተቆጡም። ጋራዥ ገብተው ሞተር መፍታትና መግጠም ለመዱ፣ መንዳትም ተማሩ፣ አንድ ቀን ራሳቸው መሪውን ጨብጠው ተሳፋሪ እንደጫኑ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ነዱ። በ1989 የካቢኔ ሴክሬታሪ ሆኑ። ለሲቪል ሰርቫንት ከዚያ በላይ ወንበር የለም። በታኅሣሥ 1990 ደግሞ ዋና የምርጫ ኮሚሽነር ተደረጉ።

ሁለተኛ አድማጭ፦ ታዲያ ምን አዲስ ሕግ አውጥተው ነው የተፈሩት?

ምንም! ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 324 ላይ ምርጫን የመቆጣጠር ሥልጣን ለኮሚሽኑ ሰጥቷል። ኮሚሽነሩን ለማንሳትም የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛን የማንሳት ያህል ከባድ ነው። ይሄ ሁሉ ከ1950 ጀምሮ ወረቀት ላይ ነበር፤ እሳቸው ሠሩበት። የዘመቻ ወጪ ገደብ ይከበር አሉ። በየግድግዳው መጻፍ፣ ሌሊት በድምፅ ማጉያ ሕዝብ መረበሽ፣ የመንግሥት መኪና ለቅስቀሳ ማሰማራት ይቁም አሉ። በነሐሴ 1993 ከመንግሥት ጋር በሥልጣን ሲጋጩ የኮሚሽኑ ሥልጣን እስኪታወቅ ድረስ ምንም ምርጫ አይካሄድም ብለው አዘዙ። በዚያው ዓመት አንድ የክልል ገዥ ለልጁ ሲቀሰቅስ ተገኘና ምርጫው ታገደ፤ ገዥውም ሥልጣኑን ለቀቀ። ፎቶ ያለበት የመራጭ መታወቂያም ፖለቲከኞች ወጪው በዛ እያሉ ሲያጉረመርሙ በእሳቸው ግፊት መጣ።

የመጨረሻው ጠያቂ፦ ጥፋት የለባቸውም?

አለባቸው እንጂ። ምላሳቸው ስለት ነበር፣ ከሰው ጋር መሥራት ይከብዳቸዋል። በ1993 መንግሥት ሁለት ኮሚሽነሮች ሲጨምርባቸው እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄደው ተከራከሩ፤ በ1995 ተረቱ። እንደኔ ፍርዱ ትክክል ነው፤ ያን የሚያህል ሥልጣን በአንድ ሰው እጅ መቆየት የለበትም፣ ሰውየው ሴሻን ቢሆኑም።

በ1996 የእስያ ኖቤል የሚባለው የራሞን ማግሳይሳይ ሽልማት ተሰጣቸው፣ ሥራቸውንም ጨረሱ። ከዚያ ፖለቲካ ሞከሩ፤ በ1997 ለፕሬዚዳንትነት፣ በ1999 ለፓርላማ ተወዳደሩና ሁለቱንም ተሸነፉ። በኅዳር 2019 ቼናይ ውስጥ አረፉ። ከሦስት ዓመት በኋላ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የኮሚሽነሮችን አሿሿም ሲመረምር፣ ዳኞቹ የሚያስፈልገን እንደ ሴሻን ያለ ሰው ነው ብለው በስማቸው ጠሯቸው።