አውቶቡሱ በስንት ነበር የሄደው? የፍጥነት ጥያቄ በኳድራቲክ ሲፈታ

ሰላም ተማሪዎች! ዛሬ በቀጥታ ወደ ጥያቄው ነው የምንገባው።

አንድ አውቶቡስ ከአዲስ አበባ ተነስቶ በአሮጌው መንገድ፣ በዱከምና በቢሾፍቱ አድርጎ አዳማ ይገባል። ርቀቱን 100 ኪሎ ሜትር እንያዘው። ፍጥነቱን በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ቢጨምር ኖሮ 30 ደቂቃ ቀድሞ ይደርስ ነበር። በስንት ነበር የሄደው?

ቀመር ፍለጋ ከመግባታችሁ በፊት ቆም በሉ። ጥያቄው የሚያወዳድረው ምንና ምንን ነው? ርቀቱ ያው አንድ ነው፤ የተለያየው ጊዜው ነው። ስለዚህ እኩልታውን የምንሠራው በጊዜ ነው።

ፍጥነቱን ፍ እንበለው። ጊዜ ማለት ርቀት ሲካፈል ለፍጥነት ስለሆነ የፈጀበት ጊዜ 100/ፍ ነው፣ ቢፈጥን ኖሮ ደግሞ 100/(ፍ+10)። ብዙ ሰዓት የሚፈጀው ቀስ ያለው ስለሆነ ትልቁ 100/ፍ ነው፤ ከእሱ ላይ ሌላውን እንቀንሳለን።

100/ፍ − 100/(ፍ+10) = 1/2

30 ሳይሆን 1/2! ፍጥነቱ በሰዓት ስለተሰጠን ደቂቃውም ወደ ሰዓት መቀየር አለበት። ፈተና ላይ እዚህ ጋ በጣም ተጠንቀቁ።

አሁን ሁሉንም በ2ፍ(ፍ+10) እናባዛ፣ ታሕቶቹ ይጥፉልን።

200(ፍ+10) − 200ፍ = ፍ(ፍ+10)

በግራ በኩል 200ፍ ይጠፋና 2000 ብቻ ይቀራል። በቀኝ በኩል ፍ በራሱ ይባዛል፤ ካሬው የመጣው ከዚህ ነው፣ ፍ በሁለቱም ታሕት ውስጥ ስለነበረ።

ፍ² + 10ፍ − 2000 = 0

ብዜታቸው −2000፣ ድምራቸው 10 የሚሆን ሁለት ቁጥር? 50 እና −40።

(ፍ + 50)(ፍ − 40) = 0

ፍ ወይ 40 ነው ወይ −50። የአውቶቡስ ፍጥነት ኔጌቲቭ አይሆንም፤ መልሳችን በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ነው። ሳታረጋግጡ ግን አትለፉ፦ 100 ለ40 ሲካፈል ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ለ50 ሲካፈል ሁለት ሰዓት። ልዩነቱ ግማሽ ሰዓት፣ ልክ ነው።

ያ የጣልነው −50 ግን ዝም ብሎ የመጣ ቁጥር አይደለም፣ እኔ ከዚህ ጥያቄ በጣም የምወደውም እሱን ነው። ፈጣኑን ፍጥነት ፍ ብላችሁ ብትነሱ እኩልታው ፍ² − 10ፍ − 2000 = 0 ይሆንና መልሶቹ 50 እና −40 ይወጣሉ። ቁጥሮቹ ያው፣ ምልክታቸው ተገለባበጠ። ስለዚህ ፍ ያላችሁት የትኛውን ፍጥነት እንደሆነ መጀመሪያውኑ ደብተራችሁ ላይ ጻፉት፤ አለበለዚያ ሁሉን በትክክል ሠርታችሁ መጨረሻ ላይ 50 ብላችሁ ልትመልሱ ትችላላችሁ።

ቀጣዩ የእናንተ ነው፤ ቪዲዮውን አቁሙና ሥሩት። ርቀቱ 180 ኪሎ ሜትር ነው። መኪናው በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ቢጨምር 1 ሰዓት ቀድሞ ይደርሳል። በስንት ነው የሚሄደው?