ሦስቱ ሲኖሩ ገንዘብ አልነበረም

የተከበራችሁ ወላጆች፣ ወጣት ሙዚቀኞችና የምሽቱ እንግዶች፣ እንደምን አመሻችሁ።

አዘጋጆቹ «ባንድ ለሚያቋቁሙ ልጆቻችን የሚሆን አንድ ነገር ንገርልን» ሲሉኝ፣ አብዛኞቻችሁ ስለ ዋልያስ ወይም ስለ ሮሃ እንደማወራ ሳትገምቱ አልቀራችሁም። እኔ ግን ዛሬ የማወራችሁ ከዚህ ከቦስተን ወደ ምዕራብ በመኪና ሁለት ሰዓት ያህል ተጉዘን ከምናገኛት ከአምኸርስት ከተማ ስለወጣው፣ ዳይኖሰር ጁኒየር ስለሚባለው የሦስት ሰዎች የሮክ ባንድ ነው። ለዓመታት ከሚክሰር ጀርባ ቆሜ ብዙ ባንድ ሲመሠረትና ሲፈርስ አይቻለሁ፤ የእነዚህን ሦስት ሰዎች ያህል ዕድላቸው የተገለባበጠ ግን አላውቅም። የምጠቅሳቸው ዓመታት በዚህ አገር አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ የሚጀምረው ከትምህርት ቤት ነው። ጄ ማስኪስና ሉ ባርሎ ዲፕ ዉንድ በሚባል የሃርድኮር ፓንክ ባንድ ውስጥ አብረው ይጫወቱ ነበር፤ ጄ ድራም ይመታል፣ ሉ ጊታር ይጫወታል። ያ ባንድ ሲፈርስ በ1984 ጄ ጊታሩን ያዘ፣ ሉ ወደ ቤዝ ዞረ፣ ድራሙ ላይ ደግሞ መርፍ ተቀመጠ። እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ፤ ጊታር የያዘው ሰው ድራመኛ ነበር። ዱላው ቆዳውን ሲመታ ደረት ላይ የሚያርፈውን ኃይል የለመደ ሰው ጊታር ሲይዝ መሣሪያው ደካማ ሆነበት፤ ያንን ኃይል ለማግኘት ሲል አምፕሊፋየር በአምፕሊፋየር ላይ ደርድሮ እስከ መጨረሻው ይከፍተው ጀመር። የሚጫወቱባቸው የአካባቢው ቤቶችም ጩኸቱን መቋቋም አቅቷቸው በራቸውን ዘጉባቸው። እኔ የእነዚያ ቤቶች የድምፅ ሠራተኛ ብሆን ኖሮ እኔም ሳላባርራቸው አልቀርም።

ባንዱ የሦስት ሰው መሆኑ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ኪቦርድ የለም፣ ሁለተኛ ጊታር የለም፤ ጊታሩ ወደ ሶሎ ሲሄድ ከሥር የሚቀረው ቤዝና ድራም ብቻ ነው። ሉ ከጊታር የመጣ በመሆኑ ቤዙን በነጠላ ኖታ ብቻ አይጫወተውም፤ ክሮቹን አንድ ላይ እየመታ በአኮርድ ይሞላዋል። ያ ሙላት ባይኖር የጄ ሶሎ አየር ላይ ተንጠልጥሎ በቀረ ነበር። የመርፍ ነገር ደግሞ ሌላ ነው፤ ጄ የድራሙን ክፍል ምት በምት ራሱ አዘጋጅቶ ያቀርብለታል፣ እሱም የተሰጠውን ይመታል። ለአንድ ድራመኛ ከሌላ ድራመኛ ትእዛዝ እየተቀበሉ መምታት ምን ያህል እንደሚያንገበግብ፣ እዚህ የተቀመጣችሁ ከበሮ መቺዎች ታውቁታላችሁ።

የመጀመሪያው አልበም በ1985 ወጣ፤ ብዙም አልተሸጠም። በዚያን ጊዜ ስማቸው ዳይኖሰር ብቻ ነበር፤ «ጁኒየር» የተጨመረው ዳይኖሰርስ የሚባል የአንጋፋ ሙዚቀኞች ስብስብ በስሙ ጉዳይ ሕጋዊ ጥያቄ ካነሳ በኋላ ነው። በ1986 ሶኒክ ዩዝ የተባለው የኒውዮርክ ባንድ አብሯቸው እንዲዞር ይዟቸው ሄደ። በ1987 ኤስኤስቲ በተባለ አሳታሚ በኩል የወጣው ሁለተኛው አልበማቸው ከዚያ በኋላ ለመጡት የአሜሪካ ጊታረኞች መንገድ ከፋች ሆነ፤ በ1988 ሦስተኛው ተከተለ። ስማቸው ገነነ፤ ኪሳቸው ግን ያው ነበር።

መድረክ ላይ ጆሮ የሚያደነቁረው ባንድ፣ ከመድረክ ሲወርድ ቃል የሚተነፍስ አልነበረውም። በአንድ መኪና ተጨናንቀው ከከተማ ከተማ ሲጓዙ ቅሬታ በየሰዉ ሆድ ይጠራቀማል እንጂ አይወጣም። አንድ ምሽት በኮነቲከት፣ ሉ ዘፈን በዘፈን ላይ በቤዙ የማያቋርጥ ጩኸት ሲለቅ፣ ጄ ጊታሩን አንሥቶ ሊመታው ተነሣ፤ ሉም ቤዙን እንደ ጋሻ ወደ ላይ አንሥቶ መከተ። በ1989 ጄና መርፍ ወደ ሉ ቤት ሄደው ባንዱ መፍረሱን ነገሩት። ባንዱ ግን አልፈረሰም፤ የተባረረው እሱ ብቻ ነበር። ጓደኛን «ከእኛ ጋር አትቀጥልም» ማለት የከበዳቸው ሰዎች፣ ከዚያ ይልቅ ውሸቱ ቀለላቸው።

ገንዘቡ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ባንዱ በትልቁ የዋርነር ኩባንያ ሥር ከነበረ አሳታሚ ጋር ተዋዋለ፤ በ1991 የወጣውን አልበም ግን አብዛኛውን መሣሪያ እየቀያየረ የቀረጸው ጄ ብቻውን ነበር። በዚያው ዓመት በጁን ወር ኒርቫና ከእነሱ በፊት እየወጣ መድረክ ይከፍትላቸው ነበር፤ ከሦስት ወር ገደማ በኋላ ኒርቫና ዓለምን ያጥለቀለቀውን አልበሙን አወጣ። የ1993ቱ አልበም በእንግሊዝ እስከ አሥረኛ ደረጃ ወጣ፤ ከዚያ በኋላ መርፍም ሄደ። በ1994 ባንዱ በሬዲዮ ትልቁን ስኬቱን ሲያገኝ ከመጀመሪያዎቹ ሦስት የቀረው አንድ ሰው ነበር። የተባረረው ሉ ደግሞ በ1995 ፎክ ኢምፕሎዥን በተባለው የጎን ሥራው ከአሜሪካ ምርጥ ሠላሳ ዘፈኖች ተርታ ገባ። ሦስቱ ሲኖሩ ገንዘብ አልነበረም፤ ገንዘቡ ሲመጣ ሦስቱ አልነበሩም። በ1997 ከወጣው አልበም በኋላ ጄ የባንዱን ስም ራሱን ተወው።

ብዙ ሰው የዚህን ዓይነት ታሪክ ሲሰማ ጥፋቱን በትልቁ ኩባንያ ላይ ይጥላል። እኔ አልስማማም። ውሉ ሲፈረም ሦስቱ ቀድመው ተለያይተው ነበር።

የመመለሱ ነገር እንዲህ ሆነ። እኛ ቤት ቢሆን ሽማግሌ ይላክ ነበር፤ እነሱን ያገናኛቸው የሉ እናት ያዘጋጁት መድረክ ነው። በ2004 እናቱ በኖርዝሃምፕተን፣ በስሚዝ ኮሌጅ፣ ኦቲዝም ላለባቸው ሰዎች የእርዳታ ኮንሰርት አዘጋጅተው ነበር፤ ጄም ሉም በየፊናቸው ተጫወቱና ሲጨርሱ አንድ ላይ ወጥተው የልጅነት ባንዳቸውን የዲፕ ዉንድን ሙዚቃ ተጫወቱ። አሥራ አምስት ዓመት የዘለቀ ኩርፊያ የላላው በንግግር አልነበረም።

ሁለተኛው ምክንያት ወረቀት ነው፤ ወጣቶች፣ እዚህ ላይ እንድታተኩሩ እፈልጋለሁ። ጄ የመጀመሪያዎቹን ሦስት አልበሞች የማስተር መብት፣ ማለትም የዋናውን ቅጂ ባለቤትነት፣ አስመልሶ፣ በ2005 መርጅ በተባለ ነፃ አሳታሚ በኩል እንደገና እንዲወጡ አደረገ። እነዚያ አልበሞች ዳግም ሲወጡ፣ የተጫወቷቸው ሦስቱ ሰዎችም አብረው መድረክ ላይ ወጡ። እኛ አገር በካሴት ዘመን ድምፃዊው ሥራውን ለሙዚቃ ቤት አንዴ ሸጦ፣ ካሴቱ ስንት ጊዜ እንደተባዛ ሳያውቅ የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነበር፤ ወላጆቻችሁን ብትጠይቁ ይነግሯችኋል። ማስተሩ በሌላ ሰው እጅ ቢቀር ኖሮ፣ የ2005ቱን መመለስ በዚያ መልኩ ማሰብ ለእኔ ይቸግረኛል።

ከዚያ ወዲህ ያለው ጉዞ ረጋ ያለ ነው፤ በአጭሩ ልለፈው። ሦስቱ በ2007 አዲስ አልበም አወጡ፤ እስከ 2021 ድረስ አምስት አደረሱት። በመጀመሪያው ዘመናቸው ያወጡት ሦስት ብቻ ነበር። በባለሙያ ዓይን ግን አንድ ነገር ያስቀኛል፤ በ2009 ከወጣው አልበም በአውሮፓ የተሰራጩት የመጀመሪያ ቅጂዎች በቴክኒክ ስሕተት ሦስት ዴሲቤል ያህል ከሚገባው በላይ ጮኹና ተሰብስበው እንዲመለሱ ተደረገ። በጩኸቱ ከየቤቱ የተባረረ ባንድ፣ ከሃያ ዓመት በኋላ «ይህስ በዛ» ብሎ ሸቀጡን ሰበሰበ።

አሁን ስፒከሩን ልክፈት። ሁለት ቅጂዎች አዘጋጅቻለሁ፤ አንደኛው በ1987፣ ሌላው በ2007 የወጣ ነው። የትኛው የትኛው እንደሆነ አልነግራችሁም። ቤዙን በጥንቃቄ አዳምጡ፤ ከፊት የተቀመጣችሁ ደግሞ ጆሯችሁን ብትሸፍኑ አልቀየማችሁም።