ዕጣን የገባበት ሲጋር

እሺ... እየቀዳ ነው። ድምፁ የቬንትሌተሩ ነው አቦ፤ ድሬ ላይ ቬንትሌተር አጥፍቼ አላወራም፣ ስንቴ እንነጋገር።

ዛሬ ሌላ ነገር ነበር የማወራው፤ የጋሼ ነገር ግን ከጭንቅላቴ አልወጣልኝም። ጋሼ፣ ባለ ኩባው፣ ያ ባለፈው በስፓኒሽ እየተሳደበ ቀረጻዬን ያበላሸው። ደግሞ "ቡና ቀማሽ ሆኖ ያጨሳል" ብላችሁ እንዳትጽፉልኝ። ሲጋር ወደ ሳንባ አይሳብም፤ ጭሱን አፍህ ውስጥ አዙረህ ትለቀዋለህ። ምላስን ግን... እሱስ ልክ ናችሁ። በማግስቱ ኩባያ አልነካሁም።

የሲጋሩ ነገር እንዲህ ነው፤ ከሃቫና በጓደኛው እጅ የመጣለት ነው፣ በእጅ የተጠቀለለ። ሮቡስቶ የሚሉት፦ ርዝመቱ 124 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቱ 50። ሃምሳው ምን መሰላችሁ? ኢንችን ለ64 ከፍለህ ሃምሳው እጅ። እንዲህ ያለ መለኪያ ማን እንዳወጣ... ብቻ። "አንተ ቀማሽ አይደለህ? ና ቅመስልኝ" አለኝ። ከዚራ ሰፈር፣ ግቢው ውስጥ፣ ማታ አየሩ ቀዝቀዝ ሲል።

ጆሮዬ ሥር አድርጌ ጫን አልኩት፤ ተንኮሻኮሸ። ነገሩ እዚያው ገባኝ። ሲጋር ከ65 እስከ 70 በመቶ እርጥበት ይፈልጋል፤ የድሬ ቁም ሳጥን ደግሞ ታውቁታላችሁ። ጫፉን ቆርጬ ሳልለኩስ ሳብ አደረግኩት፤ ደረቅ ሣር፣ ደረቅ ሣር ይላል። ገና ሲለኮስ የላዩ ቅጠል ተሰነጠቀ። ቅጠሉ ሦስት ዓይነት ነው፦ ሆዱን የሚሞላው፣ እሱን የሚያስረው፣ ከላይ የሚታየው። የላዩ ከተሰነጠቀ በአንድ ጎን ይነዳል። ነደደ። አመዱ ግን አቦ! ነጣ ያለ፣ ጠንካራ፣ ሳይረግፍ ረዘመ። የጠቀለለው ሰው እጁ ይባረክ።

ከዚያ፣ አንድ ሦስተኛውን ካለፍን በኋላ፣ አንድ ሽታ መጣ። ጋሼ ዓይኑን ጨፈነ። "ይሄው! ኢስላ እንዲህ ነበር የሚሸተው" አለ። የኩባዋን ደሴት ማለቱ ነው፣ የተማረባትን። በልጅነቱ ነው የሄደው፣ ከ1970ው ጦርነት በኋላ፣ አባት ከሞተባቸው ልጆች ጋር። እሱን እሱም አያወራም፣ እኔም አልገባበትም።

"ጋሼ፣ ይሄ የእትዬ ዕጣን ነው" አልኩት።

ወዲያው። ላብራቶሪ ውስጥ "ጆንያው ጋዝ ነክቶታል" እንደምለው። ቡናም ሲጋርም ያጠገቡን ሽታ ይጠጣሉ፤ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ደግሞ ዕጣኑ አለ፣ አይቼዋለሁ። ዓይኑን ገለጠ። እኔን አይደለም፣ ሲጋሩን አየው። አየው፣ አየው... "ከመቶ ስንት?" አለኝ።

የሲጋር መጽሔቶች ከ100 ነው የሚሰጡት፣ እንደኛው። እኛ ጋ፣ ቡና ላይ፣ 80 ከገባ ስፔሻሊቲ ነው፣ ከፍ ያለው ደረጃ። ስንት ልበል? "አመዱ 90" አልኩት። አመዱ 90 ምን ማለት ነው? ለአመድ ለብቻው ነጥብ ተሰጥቶ ያውቃል? ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ። እትዬ ከውስጥ "ምን ሆናችሁ?" አለች። "ዕጣንሽን እያጨስን ነው" አላት። ከዚያ ዝም ብሎ ቀጠለ። ሰው የመጨረሻውን ክፍል ይተወዋል፣ ይሞቃል፣ ይመራል፤ እሱ ጣቱን ሊያቃጥለው እስኪደርስ ሳበው።

ለሰው ፊት ብዬ ነጥብ ጨምሬ አላውቅም። አሁንም ቢሰጠኝ ዕጣን ነው የምለው። ግን ቆይ፣ የኩባ ሲጋር በሴዳር እንጨት ሳጥን ነው የሚመጣው፤ ያ እንጨት የራሱ ጠረን አለው። እሱ ያንን ሸትቶ ቢሆንስ? እኔ ደሴቷን የት አውቃታለሁ? አይ፣ ዕጣን ነው። ዕጣን ነበር።

ትናንት ደወለ። አንድ ቀርቶታል፤ "እርጥበት ይመለስለታል ወይ?" አለ። ይመለስለታል አልኩት፤ የሚዘጋ ዕቃ ውስጥ፣ ቀስ ብሎ፣ በሳምንታት፤ ከቸኮልክ ይፈነዳል፤ የወጣው ዘይት ግን አይመለስም። "ሽታውስ ይለቃል?" አለኝ። እንዲለቅ ነው የፈለገው ወይስ እንዳይለቅ... ከድምፁ መለየት አልቻልኩም። "ትንሽ ትንሽ ይለቃል" አልኩት። "ትንሽ ትንሽ" አለና... እኔ እንጃ። ኔትወርኩም ይቆራረጥ ነበር።