የደሴው መካኒክ

ዛሬ ስለ ሌላ ነገር ላወራ ነበር፤ አልሆነልኝም። ቅዳሜ ባልቴቷን፣ ያቺን አሮጌ መኪናችንን፣ ፈታናት። አዎ፣ በመጨረሻ! ‹‹በሚቀጥለው ሳምንት›› እያልኩ ስከርም የሰማችሁኝ ሁሉ ሳቁ፤ መብታችሁ ነው።

ከዓባይ በረሃ ወደ ጎሃ ጽዮን ስንወጣ ያደረገችንን ነግሬአችኋለሁ። ሞተሩ ይጮኻል፣ እሷ ትንፏቀቃለች፣ ሽታው አፍንጫ ይሰነጥቃል። ሞተሩን ከማርሹ ጋር የሚያገናኘው የፍሪሲዮኑ ሸራ አልቋል፤ ምርመራ አያስፈልገውም። ካምቢዮው፣ የማርሽ ሳጥኑ፣ ከነትራንስፈሩ ከ100 ኪሎ በላይ ነው፤ በክሪክ፣ በጣውላና በጎረቤት ልጅ ትከሻ አወረድነው። ከሥሯ ተጋድሜ ሳስብ፦ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ኩሽኔታ፣ ሮንዴላ። ጣሊያን በ1933 ዓ.ም. ተሸንፎ ሄደ፤ ቃሉ ግን መኪና ሥር ተኝቶ ቀረ። ስለዚህ ሌላ ቀን እናወራለን።

አባባ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ባትሪ ያበሩልኛል። እጃቸው አይንቀጠቀጥም፤ ይህን ልብ በሉልኝ። ሸራውን ከቮላኖው፣ ከሞተሩ ጋር ከሚዞረው ከባድ ክብ ብረት፣ ጋር የሚያጣብቀውን ሳህን ብሎኖች በዙሪያው አንድ በአንድ እፈታለሁ። አራተኛው ላይ ስደርስ ብሎኑ የሌሎቹ ዘመድ አይደለም። ረዘም ያለ ነው፤ ሁለት ሮንዴላ፣ ያቺ ከብሎን ሥር የምትገባው የብረት ቀለበት፣ ተደርቦበታል፤ አናቱ በሽቦ ታስሯል። ሽቦው ሁለቴ ተጠምዝዞ ጫፉ ወደ ውስጥ ታጥፏል። ልክ አባባ እንዳሰሩት አጥራችን። ልክ እንደ ቲማቲሙ ድጋፍ።

ይህን ጊዜ ብርሃኑ ከብሎኑ ላይ ሸርተት ብሎ ግድግዳው ላይ አረፈ።

‹‹አባባ፣ መብራቱን…››

‹‹ክንዴ ደከመ›› አሉና መለሱት።

በቃ፣ ይኸው ነው። ከቅዳሜ ጀምሮ ያቺን ብርሃን ነው የማያት። ደከማቸው? ወይስ አዩት?

ከ80 በላይ ስትነዳ እንደምትንቀጠቀጥ ታውቃላችሁ። ‹‹ከ80 በላይ መንዳት ትዕቢት ነው›› የሚለው የአባባ አባባል የወጣው ከዚያ ነው። ጥፋቱም ሁልጊዜ በ1989 ዓ.ም. ፍሪሲዮኗን የቀየረው የደሴው መካኒክ ነው። እዚህ ዝግጅት ላይ ስንት ጊዜ ሳቅንበት! ድምፁን ሳይቀር አስመስዬ። ሰውየውን አይቼው አላውቅም እኮ።

ሁለት ሮንዴላ መኪና ያንቀጠቅጣል ወይ? ቮላኖ በደቂቃ ከ2000 ጊዜ በላይ ሲዞር ጥቂት ግራምም ትከብዳለች። ደግሞ ቆማም ነዳጅ ሲረገጥባት ትንቀጠቀጥ ነበር፤ ጥፋቱ የጎማ ቢሆን ቆማ ምን ያንቀጠቅጣታል? ግን ሽቦ እንዲያ ማሰር የአባባ ርስት ነው እንዴ? የደሴውም ሰው እንዲሁ ያስር ይሆናል። አላውቅም።

አዲሱን ሸራ በመጥረጊያ እንጨት መሀል ለመሀል አስተካክዬ አሰርኩት። ካምቢዮው ሁለት ጣት ሲቀረው አልገባም ብሎ ነበር። በብሎን ስቦ ማስገባት ያምራል፤ እንዳታደርጉት። ማርሽ አስገብቼ የኋላውን ዘንግ በእጄ ትንሽ ሳዞረው ጥርሱ ተገጣጠመና ሰተት አለ። ብሎኖቹም ሁሉም አዲስ፣ ሁሉም እኩል።

እስካሁን ከ60 አላሳለፍኳትም። አዲስ ሸራ እስኪላመድ ነው እላለሁ።

ዛሬ ጠዋት አባባ ‹‹እንዴት ሆነች?›› አሉኝ። ለስላሳ ናት አልኳቸው። ‹‹ያ የደሴው…›› ብለው ጀመሩና ስኒያቸውን አነሱ። እኔም አልጨረስኩላቸውም። ሌላ ጊዜ እኮ አብረን ነበር የምንጨርሰው።

ብሎኑ ኪሴ ውስጥ ነው፤ የሚንቃጨለው እሱ ነው፣ ከቁልፌ ጋር። ልጥለው አስቤ… ቆዩ፣ እየጠሩኝ ነው መሰለኝ።