ዓይንዎ ነው፣ ጋሼ

ዛሬ ስለ ጉማሬው አልናገርም። «ጉማሬው የት ደረሰ?» እያላችሁ የምትጽፉልኝ፣ ጉማሬው ዓባይ ውስጥ ነው፣ ደህና ነው። ዛሬ ስለ ሳጥኑ ነው። አዎ፣ ያው የጌም ሳጥን፤ ሳድሰው የከረምኩት የድሮ የጌም ቤት መጫወቻ። ባለቤቴ «ከምግብ ጠረጴዛዬ አጠገብ እሱ ካልተነሳ እኔ እነሳለሁ» ያለችው።

ጨርሼዋለሁ። ሁለት ሳምንት ሆነው። ሲያልቅ ደስ ይለኛል ብዬ ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት ጋሼ መጡ። ሳጥኑ የእሳቸው እንደነበር ታውቃላችሁ። በርጩማ አቀረብኩላቸው፤ ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው መለሱና ግራ እጃቸውን የሳጥኑ ጎን ላይ አሳረፉ፣ በሬ እንደሚያረጋጋ ሰው። የጨዋታው ቢጫ ክብ፣ ፓክማን፣ ተነሳ። አንድ ኮሪደር ሄዱ፣ ሁለተኛውን ሄዱ፣ ከዚያ እጃቸውን አነሱ። «ይህ ነገር ወደ ጎን ሲሄድ ይንቀጠቀጣል» አሉ። «ዓይኔ ነው ወይስ እሱ?»

እኔ ቡና እየቀዳሁ ነበር። ዘወር እንኳ አላልኩም። «ዓይንዎ ነው፣ ጋሼ።»

«ይሆናል» አሉ። መነጽራቸውን አውልቀው በጋቢው ጫፍ ጠረጉ። «ሞራው ነው።»

ሦስተኛውን ስኒ ጠጥተው ሄዱ። እስከ አስፋልቱ ሸኘኋቸው፤ ባጃጅ አቆምኩላቸው። ደግ ሰው ሆኜ ነበር የዋልኩት!

ማታ ነው ነገሩ የመጣው። ወደ ጎን ሲሄድ። ወደ ጎን ሲሄድ ነው ያሉት። የዓይን ሞራ ወደ ጎንና ወደ ላይ ይለያል እንዴ? ተነስቼ ሳጥኑን አበራሁ፤ አፍንጫዬን ስክሪኑ ላይ ለጥፌ አየሁ። ወደ ላይ ሲሄድ ጸጥ ያለ ነው። ወደ ጎን ሲሄድ ያ ቢጫ ክብ አንዴ ወፈር፣ አንዴ ቀጠን ይላል። እየተነፈሰ የሚሄድ ይመስላል።

ምክንያቱን ልንገራችሁ፤ የሂሳብ ፍቅር የሌላችሁ ትንሽ ታገሡኝ። ፓክማን በ1980 የተሠራ ጨዋታ ነው። ሥዕሉ ወደ ጎን 224፣ ወደ ላይ 288 ነጥብ ብቻ ነው። እኔ ያስገባሁት ፍላት ስክሪን ያገለገለ የቢሮ ዕቃ ነው፤ አቁሜ ስለገጠምኩት ወደ ጎን 1080፣ ወደ ላይ 1920 ነጥብ አለው። የድሮው ስክሪን ቅርጽ ሦስት በአራት ስለሆነ ሥዕሉን 1080 በ1440 አድርጌ ዘረጋሁት። 1440 ለ288 ሲካፈል ልክ አምስት ነው። ወደ ላይ ንጹሕ። 224 በአምስት ግን 1120 ነው፤ ያለኝ 1080 ነው። አርባ ጎደለ።

ሸማኔ ጥለት ቆጥሮ ይዞ አርባ ክር ቢጎድልበት ምን ያደርጋል? ሥራውን ያቆማል፣ ሸማኔ ስለሆነ። ኮምፒውተር ግን አያቆምም። ከአርባ ረድፍ አንድ አንድ ነጥብ ይሰርቃል፤ 184ቱ ረድፍ አምስት አምስት ነጥብ ይወፍራል፣ አርባው አራት አራት። ፓክማን በእነዚያ ቀጫጭን ረድፎች ላይ ባለፈ ቁጥር ይሸበሸባል። ጋሼ ያዩት ይህንን ነው። ሞራ ባለበት ዓይን፣ በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ በሁለት ኮሪደር!

ሳጥኑ ውስጥ የነበረው የድሮው ስክሪን፣ የመስታወቱ ቱቦ፣ እንዲህ አያደርግም ነበር። ቱቦ የተቆጠረ ነጥብ የለውም፤ ጨረሩ ከዳር እስከ ዳር ይጠርጋል፣ የመጣለትን ያህል ይዘረጋዋል። በ1991 የወጣው የድብድብ ጨዋታ፣ ስትሪት ፋይተር ሁለት፣ 384 በ224 ነው፤ እሱም በዚያው ቅርጽ መስታወት ላይ ልክ ይገባል። ለፓክማን ደግሞ ቱቦውን በጎኑ አጋድመው ነው የገጠሙት፤ መስመሮቹ እንደ ደንገል ቆመው ነው የሚሣሉት፣ በመካከላቸው ጥቁር ክፍተት እየተዉ። ድምፅም ነበረው። ጨረሩ በሰከንድ ወደ 15,700 መስመር ስለሚስል ቀጭን ፉጨት ያወጣል። ልጅ ሆኜ ጌም ቤቱ መከፈቱን ከመንገድ ላይ የማውቀው በዚያ ፉጨት ነበር። ሳጥኑን ሳመጣው ቱቦው ይሠራ ነበር፤ ሲበራ ልጄ ጆሮዋን ያዘች። እኔ ምንም አልሰማሁም። ይህንን ለማንም አልነገርኩም፤ አሁን ለእናንተ ነገርኩ።

ቱቦውን ለቆራሌው ሸጥኩት። በሁለት መቶ ብር። ይህንን እንኳ... ተዉት፤ ይቆየን።

አሁን አስተካክዬዋለሁ። በአራት እጥፍ ብቻ አደረግሁት፦ 896 በ1152። ዙሪያው ጥቁር ሆኖ ሥዕሉ አነሰ፤ ግን እያንዳንዱ ነጥብ እኩል ነው፣ አይንቀጠቀጥም። ስለዚህ ደውዬ «ጋሼ፣ ዓይንዎ አልነበረም» ማለት ነው፤ ቀላል ነገር።

ግን የዓይን ቀዶ ሕክምናቸው ቀጠሮ በሚቀጥለው ሳምንት ነው። ለወራት ሲፈሩትና ሲያዘገዩት ነበር። ልጃቸው ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ አግኝታኝ ምን አለችኝ መሰላችሁ? «አንተ ቤት ከዋለ ወዲህ እኮ ነው እሺ ያለው።» አመሰገነችኝ።

ብነግራቸው ይቀራሉ። ይቀሩ ይሆናል። ሞራው ደግሞ እውነት ነው፤ ሐኪም ያየው ነው። ዝም ብል ታክመው ይመጣሉ፣ በርጩማው ላይ ይቀመጣሉ፣ ፓክማን ጸጥ ብሎ ይሄዳል፣ «ተመስገን፣ ዳንኩ» ይላሉ። ያኔ እኔ ምን ልሁን? ቡና እየቀዳሁ? አንዳንድ ጊዜ እንዲያውም ወደ ድሮው ልመልሰውና እየተንቀጠቀጠ ያግኙት እላለሁ። እንደገና ይጠይቁኝ። ያኔ ዘወር ብዬ አይቼ...

ያ ዶሮ ጀመረ። ይሰማችኋል አይደል? የጎረቤቴ ዶሮ ነው፤ በዚህ ሰዓት። ቆይ፣ መስኮቱን ልዝጋው።