ራጁ አንድ፣ ንባቡ ሁለት

ውድ አድማጮቼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የዛሬው ርእሴ ራጅ ማንበብ ከጀመርኩበት ጊዜ አንሥቶ ሲያሳስበኝ የኖረ ጉዳይ ነው፤ ይኸውም ያው ዓይን ያንኑ ፊልም ዛሬና ነገ ለየቅል የሚያነብበት ምክንያት ነው።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግስት በአሜሪካ፣ ለሳንባ ነቀርሳ ምርመራ የትኛው የፊልም ዓይነት እንደሚሻል ለመለየት 1256 ሰዎች በአራት ዓይነት ስልት የደረት ራጅ እንዲነሡ ተደርጎ፣ አምስት ሐኪሞች ፊልሞቹን ለየብቻቸው አነበቡ። ውጤቱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1947 ሲታተም ግን በፊልሞቹ መካከል ካለው ልዩነት ይልቅ በአንባቢዎቹ መካከል ያለው ልዩነት ጎልቶ ተገኘ። ከአጥኚዎቹ አንዱ የነበረው የስታቲስቲክስ ሊቅ ጄኮብ የሩሻልሚ ነው። ሐኪሞቹ የሕመም ምልክት አለባቸው ከተባሉት ፊልሞች በሲሦው ያህል እርስ በርስ ሲለያዩ፣ አንዱ ሐኪም ራሱ ያነበበውን ከጊዜ በኋላ ዳግም ሲያነብ ከአምስቱ በአንዱ ያህል የቀድሞ ቃሉን ይለውጥ ነበር። እኔን የሚያስጨንቀኝ ይህ ሁለተኛው ነው፤ ከባልደረባ ጋር መለያየት ቢያንስ ያወያያል፣ ከራስ ጋር መለያየት ግን ማንም ሳያውቀው ያልፋል።

በሥልጠና ላይ ሳለሁ የመኪና አደጋ የደረሰባቸው አንድ አባት ራጅ እጄ ገባ። ማዘዣው ላይ «የጎድን አጥንት ስብራት?» ተብሎ ተጽፏል። ስብራቱን አገኘሁት፣ ውጤቱን ጻፍኩ፣ ፈረምኩም። በማግስቱ መምህሬ ምንም ሳይናገሩ ጣታቸውን በሳንባው የላይኛው ጫፍ፣ አጥንት በከፊል በሸፈናት ትንሽ ጥላ ላይ አሳረፉ። የፈለግሁትን ማግኘቴ ፍለጋዬን አስቁሞት ነበር። ያልተመለከትኩት ቦታ ነው ብዬ ለመጽናናት እንኳ አልቻልኩም፤ የዓይንን እንቅስቃሴ የተከታተሉ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ ሐኪሞች ከሳቷቸው የሳንባ ዕባጮች ብዙዎቹ ላይ ዓይናቸው ቆም ብሎ ነበርና።

ማዘዣው ጨርሶ አይታይ የሚሉ ባልደረቦች አሉ። በዚህ አልስማማም፤ የሕመምተኛው ታሪክ ካልታወቀ ብዙ ጥላ ትርጉም ያጣል። ስለዚህ እኔ የለወጥኩት ቅደም ተከተሉን ነው፦ አስቀድሜ ማዘዣውን ሳላይ ፊልሙን አነብና ያየሁትን እጽፋለሁ፤ ከዚያም ማዘዣውን አንብቤ ወደ ፊልሙ እመለሳለሁ። አንድ ነገር ባገኘሁ ቁጥር ደግሞ፣ ከመፈረሜ በፊት፣ ሁለቱን የሳንባ ጫፎች እንደ አዲስ እመለከታለሁ።